ማን ያስተዳድር፣ ማን ይጠቀም፣ ማን ይጠብቅ? የምዕራብ ሐረርጌ የወሰን ግጭትና የሰላም ተስፋ

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ግጭቶች የሚጻፉ ጥናቶች ትኩረታቸው ብዙውን ጊዜ በድርድር ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት፣ በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛኒያ ተካሂደው ያለ ውጤት የተጠናቀቁት ሁለት ዙር ንግግሮች፣ እንዲሁም የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ ሥራ በተደጋጋሚ ይፈተሻሉ። ለብዙ ሰዎች ሞትና ስደት ምክንያት ለሆኑ ጦርነቶች ይህ ትኩረት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሀገሪቱ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ግጭቶች አንዱ፣ ማለትም በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ በየጊዜው የሚያገረሸው ግጭት፣ ጋብ ባለ ቁጥር የተፈታ እየመሰለ ከጥናትም ከፖለቲካም አጀንዳ ይወጣል። ሁለቱን ክልሎች የሚያዋስነው መሥመር ከ1,400 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ይነገራል፤ ከዚህ ውስጥ የምዕራብ ሐረርጌ ድርሻ ጥቂት ቢሆንም የግጭቱ ባሕርይ እንደዚያ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሙግት አንድ ነው። በወሰኑ ላይ መፍትሔ ሳይሞከር አልቀረም፤ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዷል፣ ስምምነት ተፈርሟል፣ ኮሚሽን ተቋቁሟል። ሙከራዎቹ ያልጸኑት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ጥያቄ ስለ ያዙ ነው። እነዚህም ቀበሌውን ማን ያስተዳድር፣ ግጦሹን፣ ውኃውንና ገበያውን ማን ይጠቀም፣ የነዋሪውን ደኅንነት ማን ይጠብቅ የሚሉት ናቸው። ሦስቱ ተነጣጥለው ካልተመለሱ የወሰን ድንጋይ ቢተከልም ሰላም አይተከልም።

ቆላና ደጋን ያስተሳሰረው ኑሮ

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በ326 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። አሰበ ተፈሪ በሚል ስሟ የተቆረቆረችው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን ሲሆን፣ ስሟም የአልጋ ወራሽ ተፈሪን ስም የያዘ ነው። ከአዋሽ የሚመጣው መንገድ የሚኤሶን ቆላ አቋርጦ ወደ ጨርጨር ደጋ ሲወጣ የሚያገኘው ይህችን ከተማ ነው። ከዚያም ወዲያ ሂርና፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎም በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ ይገኛሉ።

የእነዚህ ከተሞች ኑሮ የቆመው በደጋውና በቆላው ልውውጥ ላይ ነው። በደጋው ቡና፣ ጫትና ማሽላ ይመረታል፤ በቆላው ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል ይረባል። በመላ ሀገሪቱ ስሙ የሚነሣው የሐረር ሰንጋ ራሱ የዚህ ልውውጥ ውጤት ነው። የደጋው ገበሬ ወይፈኑን ከቆላው አርብቶ አደር ይገዛል፤ ማሽላውን አብዝቶ ይዘራና እያሳሳ የነቀለውን ቡቃያ፣ ኋላም አገዳውን እየመገበ በደጁ ያደልበዋል። ስለዚህ የሚኤሶ ገበያ አንድ ወር ቢዘጋ የሚጎዳው ከብት ሻጩ ሶማሌ ብቻ አይደለም፤ የኦሮሞው ገበሬ ጋጣም ባዶ ይሆናል። የጫት ንግዱም እንዲሁ ነው፤ ደጋው የሚያመርተው ጫት ዋነኛ ገዢው በስተምሥራቅ በሶማሌ ክልል፣ በሶማሌላንድና በጅቡቲ ይገኛል።

በበጋ ወራት ደግሞ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ወደ ሚኤሶና ወደ ዶባ ተረተሮች ይጠጋሉ። በዚያ የሚኖሩት ኢቱ ኦሮሞዎች ከፊሎቹ ራሳቸው ግመልና ከብት የሚያረቡ፣ ከእርሻ ጋር አጣምረው የሚኖሩ ናቸው። በሁለቱ መካከል የግጦሽ ጠብና የከብት ዝርፊያ ከጥንት ጀምሮ ነበር፤ የእርቅ ሥርዓቱም እንዲሁ። ይህን ያለፈ ዘመን ሁሉ ፍቅር እንደነበረ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ልዩነቱ የያኔው ጠብ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ወይም በአንድ የግጦሽ መስክ ላይ የተነሣ ስለነበር በዚያው ልክ ሊበርድ መቻሉ ነው።

ወሰኑ ከመጣ በኋላ

እስከ ደርግ መጨረሻ ድረስ የሁለቱም ማኅበረሰቦች መኖሪያ በአብዛኛው በአንድ ሐረርጌ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር። በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ያወጣው የክልሎች አዋጅ፣ ቀጥሎም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎችን በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርተው ሲያዋቅሩ፣ በሚኤሶ ቆላ ላይ የወረዳ መሥመር የነበረው የክልል ወሰን ሆነ። አሰፋፈር የሚለው ቃል በተንቀሳቃሽ አርብቶ አደር አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ ግን በሕጉ አልተብራራም። በክረምት ባዶ የነበረው መስክ በበጋ የመቶ ቤተሰብ ሰፈር በሚሆንበት ስፍራ፣ አሰፋፈርን የሚለካ ሰው መልሱን የሚያገኘው በሄደበት ወር ላይ ተመሥርቶ ነው።

ውጤቱ ተንቀሳቅሶ መስፈር የፖለቲካ ትርጉም ማግኘቱ ነው። በበጋ መጥቶ በበልግ ይመለስ የነበረ ሰፋሪ፣ ቀበሌ ሲቆጠር እንዳይታለፍ የመቅረት ምክንያት አገኘ። ተቀባዩም እንግዳውን የወሰን አስፋፊ አድርጎ መጠርጠር ጀመረ። የግጦሽ ጥያቄ ቀስ በቀስ የይዞታ ጥያቄ ሆነ፤ የሁለት ጎሣዎች ጠብም የሁለት ክልሎች ጠብ ሆነ።

የ1997ቱ ሕዝበ ውሳኔ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 48 የወሰን ጥያቄ በክልሎቹ ስምምነት እንዲፈታ፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲወስን ይደነግጋል። በዚህ አግባብ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. 420 ያህል በሚሆኑ አወዛጋቢ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከቀበሌዎቹ 80 በመቶ የሚሆኑት ወደ ኦሮሚያ እንዲካለሉ የሚያመለክት ውጤትም ተገኘ።

በሥነ ሥርዓት ረገድ ሕዝቡን መጠየቅ ተቃውሞ ሊቀርብበት የሚገባ አይደለም። ችግሩ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት ነዋሪው ከሁለቱ ክልሎች የትኛውን እንደሚመርጥ ጠየቀ። ወረቀቱ ያልጠየቃቸው ጥያቄዎች ግን ነበሩ፤ ተሸናፊው ወገን በዚያው ቀበሌ ሲኖር ልጁ በምን ቋንቋ ይማራል? ከብቱ የት ይጠጣል? መሬቱ በማን መዝገብ ይጻፋል? በአንድ ቀበሌ 55 በመቶው ለአንዱ ክልል ድምፅ ቢሰጥ ቀሪው 45 በመቶ በገዛ መንደሩ እንግዳ ይሆናል ማለት ነው። ከድምፅ አሰጣጡ ጋር ተያይዞ በሚኤሶና በዶባ አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው መፈናቀላቸው ነዋሪው ይህን አስቀድሞ እንደተረዳው ያሳያል። ውጤቱም ለዓመታት በመሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይተገበር ቆየ። ዛሬም በኦሮሚያ በኩል ከሚገኘው የሚኤሶ ወረዳ ሌላ፣ ቀድሞ ሽንሌ ይባል በነበረው የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ወረዳ መኖሩ ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ይመሰክራል።

የ2010 ዓ.ም. ትምህርት

በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የሁለቱ ክልሎች ፕሬዚዳንቶች፣ ለማ መገርሳና አብዲ ሞሐሙድ ዑመር፣ የሕዝበ ውሳኔው ውጤት እንዲተገበር ስምምነት ፈረሙ። አምስት ወር ሳይሞላ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ግጭቱ ከዚያ በፊት ባልታየ ስፋት ፈነዳ። በጫት ገበያዋ በምትታወቀው አወዳይ የሶማሌ ተወላጆች ተገደሉ፤ ከጅግጅጋና ከሌሎች የሶማሌ ክልል ከተሞች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። በታኅሣሥ ወር ደግሞ እሳቱ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ዘልቆ በሃዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ወረዳዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ 61 ሰዎች መገደላቸውን መንግሥት አስታወቀ። ከኦሮሚያ ክልል በኩል በተሰጠው መግለጫ መሠረት 29ኙ ኦሮሞዎች፣ 32ቱ ሶማሌዎች ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ የተገደሉት በበቀል ነበር። በዚያ ዓመት በሁለቱ ክልሎች ወሰን የተፈናቀለው ሕዝብ ቁጥር በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መረጃ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። አንደኛ፣ ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ ከአወዛጋቢ ቀበሌ የመጡ አልነበሩም። ጅግጅጋ ላይ ሱቅ የነበረው ኦሮሞና አወዳይ ላይ ጫት የሚነግደው ሶማሌ የሚኖሩት ማንም በማይከራከርበት ክልል መሃል ነው። ስለዚህ መፈናቀሉን በወሰን አለመካለል ብቻ ማብራራት አይቻልም። በወቅቱ የጫትና የኮንትሮባንድ ንግድ ጥቅም፣ የኬላ ገቢና የክልል ባለሥልጣናት ፉክክር በምክንያትነት በስፋት መነሣታቸው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ግጭቱ ከጎሣ ጠብ የተለየ መልክ የያዘው ክልሎች የየራሳቸው የታጠቀ ኃይል ስለ ነበራቸው ነው። የሶማሌ ክልል ልዩ ፖሊስ በዚያ ግጭት በተደጋጋሚ ተከስሷል። የክልሉ አመራርም በከሰሰው በኩል ስላለው ታጣቂ ተመሳሳይ ክስ ሲያሰማ ነበር። የደኅንነት ጠባቂው የጠቡ ተካፋይ ሆኖ በሚታይበት ስፍራ አንድ ሽማግሌ የሚያስታርቀው ማንን ከማን ጋር ነው? በጉድጓድ የተጣሉ ሁለት ቤተሰቦችን ማስታረቅ ይቻላል፤ ሁለት የደመወዝ መዝገብ ያላቸውን ኃይሎች ማስታረቅ ግን ከሽማግሌ አቅም በላይ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለቀቁ፤ የሁለቱ ክልሎች ግንኙነትም ተሻሻለ። በመጋቢት መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ ለማደራጀት መወሰኑ ደግሞ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን፣ ማን ይጠብቅ የሚለውን፣ ቢያንስ በመርሕ ደረጃ ከወሰን ጥያቄው ለይቶታል። አንጻራዊው ጸጥታ ከመሪዎች መለወጥ የመጣ በመሆኑ ግን መሪዎች ሲለወጡ ሊሄድም ይችላል።

የጥንቶቹ ሕጎች አቅምና ገደብ

በምዕራብ ሐረርጌ ስለ ሰላም ሲወራ ቀድሞ የሚጠቀሰው ባህላዊ ሥርዓት ነው። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ ጥንታዊ የገዳ ጉባኤ ስፍራ ሲሆን፣ በጭሮ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። በሌላው ወገን ኢሳዎች በኡጋሳቸው ዙሪያ የሚሠራበት፣ ሔር ኢሴ የሚባል በቃል የሚወርድ ሕግ አላቸው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም.፣ ሔር ኢሴ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ሁለት ጎረቤት ማኅበረሰቦች ዓለም ያወቀላቸው የእርቅና የካሳ ሕግ ኖሯቸው በወሰናቸው ላይ ሰው መሞቱ ሊያሳስብ ይገባል።

እነዚህ ሕጎች ጠንካራ የሚሆኑት በጥቅም ጥያቄ ላይ ነው፤ ማን መቼ ያጠጣል፣ የጠፋ ግመል እንዴት ይመለሳል፣ የፈሰሰ ደም በምን ይካሳል የሚለውን ከማንኛውም የወረዳ ፍርድ ቤት በተሻለ ፍጥነት ይመልሳሉ። ገደባቸውም ግልጽ ነው። ካሳው የሚከፈለው በጎሣ ስለሆነ ገዳዩ በግል የሚጠየቅበት ዕድል ይጠባል። ሴቶችና ወጣቶች በሸንጎው ላይ ያላቸው ድምፅ አነስተኛ ነው። ለመጽደቅ የሚፈልግ ባለሥልጣን ሽማግሌውን ለሥነ ሥርዓት ጠርቶ ለውሳኔ ሊዘነጋው ይችላል።

በዚህ ረገድ የሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ልምድ ጠቃሚ ነው። በዋጂር የጎሣ ግጭት ባየለበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ በገበያ የሚሸጡ ሴቶች ከየትኛውም ጎሣ የመጣ ሰው በገበያው ያለ ሥጋት እንዲገበያይ ተስማምተው ስምምነቱ መከበሩን ራሳቸው ይከታተሉ ጀመር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶችና አስተዳደሩ ተቀላቅለው እ.ኤ.አ. በ1995 የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ ሆነ። ከእንቅስቃሴው መሥራቾች አንዷ ዴካ ኢብራሂም አብዲ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 የተደረሰው የሞዶጋሼ ስምምነትም የግጦሽ፣ የውኃና የከብት ዝርፊያ ደንቦችን በጽሑፍ አሰፈረ። ይኸው ስምምነት ለተገደለች ሴት የሚከፈለውን ካሳ ከወንድ በግማሽ ያሳነሰ በመሆኑ የባህላዊ ሕግን ጥንካሬም ድካምም በአንድ ላይ ያሳያል። ከዋጂር የሚወሰደው ትምህርት የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ሰላሙ የተጀመረው ከወሰን ሳይሆን ሁሉም ከሚያስፈልገው ገበያ ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ይህ አስተያየት የወሰንን ጉዳይ ያቃልላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በግልጽ ያልተካለለ ቀበሌ በጀት አያገኝም፤ ትምህርት ቤት የሚሠራለት፣ ወንጀለኛ የሚይዝለት አካል አይታወቅም፤ ግልጽነት ማጣቱም ለታጣቂ በር ይከፍታል። ተቃውሞው እውነት አለው። የአስተዳደር ወሰን የግድ መካለል አለበት።

ይሁንና ማካለሉ ሰላም እንዲያመጣ ቀድሞ የሚያስፈልግ ነገር አለ። በመሥመሩ ወዲያ የሚቀረው ሰው ከመሥመሩ በፊት የነበረውን የግጦሽ፣ የገበያና የመኖሪያ መብት እንደማያጣ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ማረጋገጫው ሳይኖር መሥመር ማስመር ለሁለቱም ወገን የመጨረሻ ዕድል መስሎ ስለሚታይ ግጭቱን ያፋጥናል። የሚያዝያ 2009ኙ ስምምነት ዕጣ ይህን ያጠናክራል።

አስተዳደርን ከይገባኛል ጥያቄ መለየት ለሀገሪቱ አዲስ አይደለም። ሁለቱም ክልሎች የሚጠይቋት ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ሆኖ መቆየቷ ከተማዋን ከሕዝበ ውሳኔ አትርፏታል። ሥልጣንን በብሔር 40፣ 40፣ 20 እያሉ የማከፋፈሉ ልማድ ያስነሣው ምሬት ደግሞ፣ ስምምነቱ ለልሂቃን ድርሻ ብቻ ከተዘጋጀ ነዋሪውን እንደሚያገል ያስጠነቅቃል።

የሰላም ተስፋ ከየት ይጀምር?

በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1101 የተቋቋመው የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን የሥራ ዘመኑ አብቅቷል። የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ የሥራ ዘመን በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት ተራዝሟል፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ጸድቆ ይገኛል። እነዚህ ሀገር አቀፍ ማዕቀፎች ለምዕራብ ሐረርጌ ትርጉም የሚኖራቸው በወረዳ ደረጃ ወደሚለኩ ተግባራት ሲወርዱ ነው። ከእነዚህም አራቱ ቅድሚያ ይገባቸዋል።

አንደኛው የጽሑፍ የግጦሽና የውኃ ስምምነት ነው። በየዓመቱ በጋው ከመግባቱ በፊት በሚኤሶና በዶባ በኩል ያሉ የሁለቱ ክልሎች ወረዳዎች ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የከብት መተላለፊያዎችን፣ የውኃ ተራዎችንና የመመለሻ ጊዜን ይወስኑ። በስምምነቱ ላይም በበጋ መስፈር ለወደፊት የወሰን ጥያቄ ማስረጃ እንደማይሆን በግልጽ ይጻፍ። ይህች አንዲት አንቀጽ የመስፈርን የፖለቲካ ጥቅም ስለምታስቀር ብዙ ጠብ ልታስቀር ትችላለች።

ሁለተኛው የገበያ ዋስትና ነው። የከብትና የጫት ገበያ ቀናት በግጭት ጊዜም እንዳይዘጉ ሁለቱ አስተዳደሮች ይስማሙ፤ የኬላ ገቢ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይከፋፈል። ኬላ የፉክክር ምንጭ መሆኑ ሲቀር ለኬላው የሚዋጋ ይቀንሳል። በክትትሉም በየገበያው የሚነግዱ ሴቶች በአባልነት ይካተቱ።

ሦስተኛው የተፈናቃዮች ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ ተፈናቃይ መመለስን፣ ባለበት መኖርን ወይም ሌላ ስፍራ መስፈርን በነፃነት የመምረጥ መብት ይሰጠዋል። ከሶማሌ ክልል ወጥተው በኦሮሚያ ከተሞች የሠፈሩ፣ ከሐረርጌ ወጥተው በባቢሌ አቅራቢያ በቆሎጂ መጠለያ የቆዩ ቤተሰቦች ያጡት ሱቅ፣ ቤትና ከብት በሁለቱም ክልሎች በአንድ ዓይነት ቅጽ ሊመዘገብ ይገባል። ያልተመዘገበ ኪሣራ በየቤቱ ሲተረክ ቂም ይሆናል፤ የተመዘገበ ኪሣራ ግን የካሳ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። በሃዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ የተፈጸመው ግድያም፣ የሟቹ ብሔር ሳይለይ፣ በሽግግር ፍትሑ ሥር በግለሰብ ደረጃ ሊጣራ ይገባዋል።

አራተኛው ለዩኒቨርሲቲዎች የሚተወው ሥራ ነው። ኦዳ ቡልቱም፣ ሐረማያና ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ግጭት ሦስት አቅጣጫ ላይ ተቀምጠዋል። በአፋን ኦሮሞ ብቻ ወይም በሶማሊኛ ብቻ መረጃ የሰበሰበ ተመራማሪ የታሪኩን ግማሽ ይዞ ይመለሳል። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚችሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በጋራ የሚያማክሯቸው መምህራን ተመድበውላቸው፣ የግጦሽ ስምምነቶችን፣ የእርቅ ውሳኔዎችንና የገበያ መዘጋትን በየዓመቱ ቢመዘግቡ፣ ፖሊሲ አውጪው ግጭት ከፈነዳ በኋላ ሳይሆን ወይፈን ወደ ሚኤሶ መምጣት ባቆመበት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ያገኛል።

ማጠቃለያ

የምዕራብ ሐረርጌ ልምድ ለሀገራዊው የሰላም ውይይት የሚያበረክተው ነገር አለ። ማን ያስተዳድር የሚለው ጥያቄ አንድ አሸናፊ ብቻ ይፈልጋል፤ ማን ይጠቀም የሚለው ግን ብዙ ተጠቃሚ ሊያስተናግድ ይችላል፤ ማን ይጠብቅ የሚለው ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ኃላፊ ይሻል። ላለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ሦስቱም ለመጀመሪያው ጥያቄ ተገዝተው ቆይተዋል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትና ሁለቱ ክልሎች የወሰኑን ጉዳይ እንደገና ሲያነሡ ከካርታው በፊት የግጦሹን፣ የገበያውንና የተፈናቃዩን መብት በጽሑፍ ቢያስቀድሙ፣ የሚሰመረው መሥመር ቀበሌን ከቀበሌ የሚለይ የአስተዳደር ምልክት ብቻ ሆኖ የመቆየት ዕድል ይኖረዋል። የስኬቱ መለኪያም ቀላል ነው፤ ከ2010 ዓ.ም. በፊት በጅግጅጋ ሱቅ የነበረው ኦሮሞና በአወዳይ ይነግድ የነበረው ሶማሌ ቢፈልጉ ያለ አጀብ ወደ ሥራቸው መመለስ መቻላቸው ነው።